ሙሽራው የሞተባቸው ፎቶዎች

ውድ ያዲራ፣

በታላቅ ሐዘን የማሳውቅሽ ጉዳይ አለ። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። ባልሽ ናቦር፣ የሄሬስ ከተማ ተወላጅ፣ የኮርቻ ሰፊው ረዳት፣ ስድስተኛ ክፍልን በመምህሯ ልመና ያቋረጠው ናቦር፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ድንበር ላይ ባለችው ሁዋሬዝ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የመስታወት መስኮት ፊት፣ መሞቱ በአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ተረጋግጧል። ቀብሩ የሚፈጸምበት ቦታ ወደፊት ይገለጻል። አስከሬኑ ለጊዜው ከቆንስላው ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡሪቶ እየበላ ይህን ይጽፍልሻል።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ነሽ፤ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሺኝ። ጽፌ ስጨርስ ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ። በስልክ ሳወራሽ አፌ ይቀድመኛል፤ ቀልዱ ሮጦ ይወጣና ልናገር ያሰብኩት በር ላይ ይቀራል። እጄ ግን ፊደል ሲለቅም ይዘገያል፤ ዛሬ የሚዘገይ ነገር ያስፈልገኛል። አክስትሽ እትዬ ኡስቶልያም ከእኔ ቀድመው እንዳይነግሩሽ አስምያቸዋለሁ። መሐላቸውን ስላላመንኩት ስልካቸውን ደብቄባቸዋለሁ። ይኸው አጠገቤ ቦርሳቸውን እየበረበሩ የሌባ ዘር ይረግማሉ።

ነገሩ የመጣው ከፎቶዎቹ ነው። ለቪዛው ጥያቄ ትዳራችን የእውነት መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ ይዘህ ሂድ ያልሽኝ ጊዜ፣ እትዬ ኡስቶልያ የሰርጋችንን ፎቶ በሙሉ አልጋዬ ላይ ዘረገፉት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔ የሚታየኝ ምላስ ነው።»

«ምላሱም የእኔ ነው።»

«ይኼኛውስ? ባርኔጣ ነው ያገባችው?»

«ከባርኔጣው ሥር አለሁ።»

«ኬኩ ሲቆረስ ደግሞ ብቻዋን ቆማ ትጮኻለች። የት ሄደህ ነው?»

«ጠረጴዛው ሥር። እግሯን እየኮረኮርኩ።»

«አንተ ልጅ፣ ከተወለድክ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቆመህ አታውቅም?»

ስንፈልግ ስንፈልግ ጸጥ ብዬ የተነሣሁት ተገኘ። ሦስት ነው። በሦስቱም ሞቻለሁ።

ታስታውሻለሽ? አንቺ አሜሪካ፣ ኦማሃ ተወልደሽ ያደግሽ ልጅ ስለሆንሽ የእኛን አገር ሰርግ አታውቂውም ነበር። የሰርጉን ወጥ በልተን ሳንጨርስ ጓደኞቼ ዘለው አፈፍ አደረጉኝ። ጫማዬን አወለቁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣመሩ፣ እንደ ሬሳ በትከሻቸው ተሸክመው አዳራሹን ያዞሩኝ ጀመር። ወንደላጤው ሞተ ማለት ነው። ከበሮውና ጥሩንባው የቀብር ዜማ አነሡ። «ወይኔ ናቦር! ቢራውን ሳይጨርስ!» እያሉ ደረት ይመታሉ። አንዱ ጫማዬን ወርውሮ የትልቁ ጥሩንባ አፍ ውስጥ ከተተውና ሙሾው በመሃል ታነቀ። አንቺ ያኔ ነው እንደዚያ የሳቅሽው። ከዚያ በፊት እንደዚያ ስትስቂ አላየሁሽም፤ ለነገሩ ያኔም አላየሁሽም፣ ዓይኔ ተጨፍኖ ነበር። የሰማሁት ብቻ ነው።

«በቃ፣ እነዚህ ናቸው» አሉ እትዬ ኡስቶልያ። «እሷ ጨረቃ መስላለች። አንተም ቢያንስ ዓይንህ ተጨፍኗል፤ ውርደትህን አታይም።»

ከዚያ አውቶቡስ። ጠዋት ሄሬስን ለቀን ቀትር ላይ በረሃው ጀመረ። እትዬ ኡስቶልያ መቁጠሪያቸውን በአንድ እጅ፣ የእኔን ጆሮ በሌላው ይዘው ሊያለማምዱኝ ቆንስል ሆኑ። ቆንስል ሲሆኑ በአፍንጫቸው ነው የሚናገሩት፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ሚስትህ የት ነው የምትኖረው?»

«ኦማሃ።»

«ቤቷ ምን ይመስላል?»

ያዲራ፣ ቤትሽ ምን እንደሚመስል አላውቅም እኮ! የማውቀው ጣሪያሽን ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን በእጅሽ የምትይዢው ለሰላምታ ብቻ ነው። ከዚያ ሽንኩርት ልክተፍ ትያለሽ፣ ልብስ ላጣጥፍ ትያለሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ታጋድሚኝና ትረሺኛለሽ። እኔ አልዘጋም። ተጋድሜ ጣሪያሽን አያለሁ። ደጅ በረዶ ሲጥል ነጩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ድስትሽ ሲፈላ ደመና ያልፍበታል። ከጥጉ ውሃ ያስገባው ምልክት አለ፤ ጥንቸል ነው። አምና አንድ ጆሮ ነበራት፣ ዘንድሮ ሁለተኛው ወጣላት። አንቺ ከታች ትዘፍኛለሽ፣ ዜማው ይጠፋብሻል፣ ከመጀመሪያው ትነሺያለሽ። አንዳንዴ ጨው ልታነሺ እጅሽ ብቻ በሰማዩ ላይ እንደ ወፍ ውልብ ይላል። ኮርቻ ቤት ቆዳ እየወጋሁ ቀና ስል የእኛን ቆርቆሮ ትቼ ያንን ጣሪያ የማይ ይመስለኛል። አንድ ቀን ጌታዬ «ምን ታያለህ?» ቢለኝ «ጥንቸል» ብዬው፣ ቆዳ የማጣብቅበትን ሙጫ ለሳምንት ከእኔ አርቆ አስቀመጠ።

ይኼን ሁሉ ለእትዬ ኡስቶልያ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ጣሪያ ብለህ ግባና እኔ አላውቅህም! አንዴ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ስማ። ሁለተኛ ፎቅ። አረንጓዴ በር። ቀይ ምንጣፍ። መስኮቱ ላይ ቁልቋል። በል ድገም።»

«አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ቀይ ቁልቋል...»

«የድንግል ያለህ!»

የአንገታቸውን የማርያም ምስል አስይዘው አስማሉኝ። ቆንስላው መስኮት ላይ አንዲት ቀልድ ከአፌ ብታመልጥ መመለሻው አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው ላልቀመጥ፣ አንቺም ሌላ ሁለት ዓመት ጠረጴዛ ላይ ልታጋድሚኝ። ይኼ መጨረሻው ነው ያስፈራኝ። ቀልደኛ ሰው እንዲህ ሲፈራ አይተሽ አታውቂም፤ እኔም አላየሁም።

እየደገምኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ በረሃው ሁሉ ተገልብጦ ጣሪያ ሆነ። እሾኹ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ አውቶቡሱ በአምፖሎች መሃል ቀስ እያለ ይሄዳል። ጥንቸሏ መነጽር አድርጋ መስኮት ውስጥ ተቀምጣለች። «አቶ ናቦር፣ ሦስተኛ ጆሮዬ መቼ ይወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ልነግራት አፌን ስከፍት ግን ከበሮና ጥሩንባ ወጣ። ስነቃ እትዬ ኡስቶልያ ትከሻዬ ላይ ተኝተው ያንኮራፋሉ፤ በአፍንጫቸው፣ ልክ እንደ ቆንስል።

ሁዋሬዝ ስንደርስ ለቪዛው ምርመራ ክትባቱን ተከተብኩ፣ ደሜን ሰጠሁ፣ ደረቴን በጨረር አዩት። (ሐኪሙ «ልብህ ደህና ነው» አለኝ። «ኦማሃ ነው ያለው» ልለው ነበር፤ መሐላዬ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።) ዛሬ ጠዋት እትዬ ኡስቶልያ ደጅ ቀሩ፣ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ያንን አዳራሽ ብታይው! ወንበር በወንበር ሰው ፖስታውን ታቅፎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ስሰማ ለካ እያንዳንዱ የባሉን ወይ የሚስቱን የልደት ቀን ነው በለሆሳስ የሚደግመው። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ «ሐብሐብ አትወድም፣ ሐብሐብ አትወድም» ይላሉ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አረንጓዴ በር፣ ቀይ ምንጣፍ እያልኩ፣ ድምፃችን ሁሉ አንድ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ሁላችንም የአንድ ሰው ሕልም ውስጥ የተቀመጥን ይመስል ነበር።

ቁጥሬ ተጠራ።

ቆንስሉ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ጉንፋን ይዞታል። በስፓኒሽ ይበልጠኛል፤ በእሱ እንኳ አንቺም ትበልጪኛለሽ።

«ከባለቤትዎ ጋር እንዴት ተዋወቁ?»

ያዲራ፣ በማርያም እላለሁ፣ ልቀልድ አልፈለግኩም። እውነቱ ራሱ ነው ቀልድ የሆነብኝ።

«የቦርሳዋን መርዶ ነገርኳት» አልኩት። «አክስቷን ልትጠይቅ ሄሬስ መጥታ ሳለ ማንገቻው ተበጥሶ ልታሰፋ ኮርቻ ቤት ገባች። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ‹እመቤት፣ የተቻለንን አድርገናል፣ አርፏል› አልኳት።»

«እሳቸውስ?»

«‹ሲሞት ተሠቃይቷል?› አለችኝ። በዚያው ቀረሁ።»

አልሳቀም። ፎቶዎቹን አንሥቶ አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ለጠፋቸው።

«አቶ ናቦር፣ እዚህ ላይ ሞተዋል።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እዚህም ሞተዋል።»

«እዚያም እንደዚያው ነኝ።»

«የሞተ ሙሽራ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሌላ ፎቶ የሌለው ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። በሕይወት እያሉ አልተነሡም?»

«በሕይወት እያለሁ ፊቴ አርፎ አይቀመጥም።»

ተናፈጠ። «ባለቤትዎ የሚኖሩበት ቤት ምን ይመስላል?»

በሩ ጠፋብኝ። ምንጣፉ ጠፋብኝ። ቁልቋሉ መኖሩን እንኳ ያስታወስኩት አሁን ስጽፍልሽ ነው። የመጣልኝ ጥንቸሏ ብቻ ናት። እትዬ ኡስቶልያ ከደጅ ሆነው ሲረግሙኝ እየተሰማኝ ስለ ጣሪያሽ ነገርኩት፤ ሰማያዊውን፣ ደመናውን፣ ሁለተኛውን ጆሮ፣ ጨው የምታነሣውን እጅ።

«ስልኩን ለምን አይዘጉትም?» አለኝ።

«እየሠራች ነዋ። ብዘጋው ብቻዋን ትሆናለች።»

ከኋላዬ የሽማግሌው «ሐብሐብ አትወድም» ይሰማኛል። ከዚያ ቆንስሉ ሦስተኛውን ፎቶ በጣቱ ነካ። ያቺን ታውቂያታለሽ። ጓደኞቼ ወለሉ ላይ አጋድመውኛል፣ አንቺ ነጭ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ጎንበስ ብለሽ ጆሮዬ ላይ አፍሽን አድርገሻል።

«እዚህ ላይ ምን እያሉዎት ነው?»

ቀልድ ነበረኝ። ብዙ ነበረኝ። «ካልሲህ ተቀዷል አለችኝ» ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ካልሲው መቀደዱም በፎቶው ይታያል። ግን አንቺ የምታስቢው እንዳልሰማሁሽ ነው፣ አይደል? ዘፈኑ አልቆ፣ ሰዉ ወደ ቢራው ተመልሶ፣ እኔ ግን ላስደነግጥሽ ብዬ አልነሣም አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሳቅሽ ቆመ። ቀሚስሽ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። መጥተሽ በጆሮዬ የተናገርሽውን ሰምቼ፣ ዘልዬ ተነሥቼ «ባ!» አልኩሽ፤ አንቺም ትከሻዬን መታሽኝ፤ አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሣሁብሽም። ከእኔ ጋር ቀልድ የማይሆን ነገር የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

«‹እንዳትሞትብኝ፤ ገና መሳቅ መጀመሬ ነው› አለችኝ» አልኩት።

ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። ዞር ብዬ ማን እንደተናገረ ልመለከት ነበር።

«እርስዎ ምን መለሱላቸው?»

«ምንም፣ ጌታዬ። ሞቼ ነበር።»

ቆንስሉ እንደገና ተናፈጠ። ለእኔ ይሁን ለጉንፋኑ እንጃ። ፎቶዎቹን ሰብስቦ በቀዳዳው መለሰልኝ፣ አንድ ነገር ጻፈ፣ ፓስፖርቴን ግን ወደ ራሱ አስቀረ።

«ቪዛዎ ተፈቅዷል። ፓስፖርትዎ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርስዎታል። ቀጣይ!»

አዎ፣ ያዲራ። እንደዚያ ብሎ ነው የተናገረው፤ እንደ ዳቦ ሻጭ።

ደጅ ስወጣ እትዬ ኡስቶልያ ፊቴን አይተው አመዳቸው ቡን አለ።

«ቀለድክ?»

«አልቀለድኩም።»

«በማርያም?»

«በማርያም። እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዛሬ ቁምነገረኛ ሆኜ አላውቅም፤ ሳያመኝ አይቀርም።»

ግንባሬን ዳሰሱ፤ እውነት ትኩሳት ፈልገው። ከዚያ «እሺ አለኝ» ስላቸው በቦርሳቸው ራሴን መቱኝ፣ አቀፉኝ፣ እንደገና መቱኝ፣ ቡሪቶ ገዙልኝ። አሁን አኩርፈዋል፤ ስልካቸው የእኔ ኪስ ውስጥ ስለጮኸ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ልመልስልሽ የሚገባኝን አሁን ልመልስልሽ። መልሱ «እሺ» ነው። እሺ፣ አልሞትብሽም። ስመጣ ግን በሩንም ምንጣፉንም ሳላይ፣ መጀመሪያ ወጥ ቤትሽ ወለል ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጥንቸሏን ነው የማያት። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ብታገኚኝ ጎረቤት እንዳትጠሪ። ሽንኩርትሽን ክተፊ፣ ዜማሽን አበላሺው፤ እኔ እዚያው ነኝ።

እንደገና ደወልሽ። ልኬልሽ አነሣዋለሁ። አንብበሽ ከጨረስሽ ምንም አትበዪኝ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሚው።

በመርዶው ካስደነገጥኩሽ ይቅር በይኝ። ሲታይ ነገሩ ትንሽ ነው፤ ጉንፋን የያዘው አንድ ሰው ጥቂት ነገር ጠየቀኝ፣ እኔም መለስኩለት፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ሟቹ ባልሽ
ናቦር