ካርታው የዋጠው መተላለፊያ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ሐኪሙ ያዘዘልህን እንቅስቃሴ እየሠራህ ነው ወይስ «ነገ እጀምራለሁ» እያልክ እማዬን ታታልላታለህ? የእሷስ ዓይን? አዲሱ መነጽር ተስማማት? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ዘንድሮ ጉንፋን እንኳን ረስቶኛል። በእኔ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።

ባለፈው በስልክ «ጎረቤት ስለ ሥራሽ ሲጠይቀኝ ኮምፒውተር ነው እላለሁ እንጂ እኔም አላውቀው» ብለኸኝ ነበር፤ መስመሩ ተቆርጦ ሳልመልስልህ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ለነዳ ሰው ማስረዳት አይከብደኝም። የማታውቀው ከተማ ስትገባ ያለፍከውን ማደያ፣ የታጠፍክበትን መስቀለኛ መንገድ እያስታወስክ የት እንዳለህ ታውቅ አልነበር? እኔም ለሮቦቶች የማስተምረው እሱኑ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያህሉ፣ ጎማ ያላቸው አራት ሮቦቶች አሉን። የማያውቁት ሕንፃ ውስጥ ተበታትነው ይገቡና እያንዳንዱ ያየውን ካርታ ይስላል፤ የእኔ ፕሮግራም ደግሞ አራቱን ካርታ እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ይሰፋል። ዓላማው ጭስ የሞላው ቤት ውስጥ ሰው ከመግባቱ በፊት እነሱ ገብተው መንገዱንና የወደቀውን ሰው እንዲያሳዩ ነው። ቴክኒሻናችን ቀልደኛ ሽማግሌ ስለሆነ አንደኛውን፣ ቀስ ስለሚል፣ «ዳተኛው» ብሎታል። ጉድ የሠራኝም ይኸው ሮቦት ነው።

የዛሬ አራት ወር፣ ሊፈርስ በተዘጋ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሥራችንን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች አቀረብን። አንድ እሳት አጥፊ የተጎዳ መስሎ ክፍል ውስጥ ተኛ። ሮቦቶቹ በአሥራ አንድ ደቂቃ አገኙት፤ ካርታውም ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጭብጨባው ቀለጠ፣ አለቃዬም ፊቷ በራ። እኔ ግን ካርታውን ሳየው ክው አልኩ። ጠዋት ምድር ቤቱን በእግሬ ስዞር በስተግራና በስተቀኝ ሁለት መተላለፊያ ነበረው፤ በበሮቻቸው ብዛት፣ በቀለማቸው፣ በሁሉ ነገር መንታ ናቸው። ካርታው ላይ ያለው ግን አንድ ብቻ! ዳተኛው በቀኙ ገብቶ ሳለ በግራው የገባ መስሎታል፤ የእኔ ፕሮግራምም አምኖት አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ሰፍቶታል። ሰውየው የተገኘው በግራ በኩል ስለተኛ ብቻ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። አልዋሽህም አባዬ፣ ልለፈው ብዬም አስቤ ነበር። ከዚያ «ካርታው ተሳስቷል፤ ስህተቱም የእኔ ነው» አልኩ። አለቃዬ ቀስ ብላ «ሰውየውን አግኝተነዋል እኮ!» አለችኝ። የእሳት አደጋው አዛዥ ግን ወደ እኔ ዞሮ «በቀኝ በኩል ተኝቶ ቢሆንስ ኖሮ?» ሲል ጠየቀኝ። «አናገኘውም ነበር» አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ሲያሻሽ ቆየና «ሳያውቅ ሲቀር አላውቅም የሚለኝ ዕቃ አምጡልኝ፣ ልጆቼን አስከትዬ እገባለሁ። ይሄን ግን ይዛችሁልኝ ሂዱ» አለ።

አለቃዬ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ወንበሯን እየጎተተች ጠረጴዛዬ ጋ መጣችና «በይ እንግዲህ፣ ከየት እንጀምር?» አለችኝ። አሁን አንድ ሮቦት ሁለት ቦታ ሲመሳሰልበት ሁለቱንም ግምት ይዞ ይቆያል፤ ሌላው መጥቶ እስኪያረጋግጥለት ካርታው አይሰፋም። ሲወራ ቀላል ነው፤ ስንሠራው ግን አራት ወር ፈጀብን።

ባለፈው ማክሰኞ እዚያው ምድር ቤት ተመለስን። ዳተኛው መተላለፊያው አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አርባ ሰከንድ ሙሉ! ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ሌላ ሮቦት መጥቶ አጠገቡ ሲቆም ሁለቱ መተላለፊያዎች ለየብቻ ተሳሉ። የተኛው እሳት አጥፊ በቀኙ ተገኘ፤ ያውም የእውነት እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ። አዛዡ ሳቁን ሲጨርስ «በሉ፣ ጭስ ውስጥ ድገሙት» አለን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የጭሱ ሙከራ ቀን የተቆረጠው ወንድሜ በሚያገባበት ሳምንት ነው። ቀኑ እንዲገፋ ለመንኩ፣ አልሆነም። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የሚተካኝ ሰው የለም። ስለዚህ ለሰርጉ አልደርስም። ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው «እሺ» ብሎ ዘጋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አስታርቀን አልልህም፤ መቀየሙ ሲያንሰው ነው። ብቻ ነገሩን ከእኔው አፍ እንድትሰማው ብዬ ነው። ሙከራው ባለቀ በሳምንቱ እሳፈራለሁ፤ ቲኬቱንም ቆርጫለሁ።

እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ታላቅ እህቴን ከነባሏ፣ ትንሿን ልጇንም ጭምር ሰላም በልልኝ። ወንድሜን ደግሞ፣ ባይፈልግም፣ እቀፍልኝ። ገና ያላየኋት ሙሽራችን ስለ እኔ ከጠየቀች ሥራ በዛባት አትበሏት፤ የራሷን ስህተት እያረመች ነው በሏት።

ልጅህ
ከቤተ ሙከራው ፊት ለፊት ካለችው ክፍሌ
የካቲት ፲፱ ቀን