የግራ እጅ ጉርሻ

ጥቅምት 11፣ ረፋድ

ስልኩ ዛሬም ተደፋ። መቆሚያው ሦስት እግር አለው፣ አንዱ ሁልጊዜ ይሸሻል። ከሥሩ ጠጠር አደረግኩለት። ሳቂ ደብተሬ፣ ሳቂ። ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ መንታ የታቀፍኩ ሴት ነኝ፣ ከእንግዲህ ምን ያሳፍረኛል።

መቆሚያውን የላከው ይማም ነው። ባሌ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ቤቱ የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። ልጆቹ ሲሄዱ፣ ሲወድቁ፣ በአንድ ማንኪያ ሲጣሉ በቪዲዮ ልያቸው ይላል። ከመቆሚያው ጋር አውራ ጣት የምታህል ሪሞት መጥታለች። እሷን ስጫን ስልኩ ከሩቅ ሆኖ መቅረጽ ይጀምራል። ጉድ እኮ ነው። ድሮ ወይ ጣቴን ወይ የልጆቹን ጉልበት ነበር የምቀርጸው። አንዴ ጣሪያውን ብቻ ቀርጬ ብልክለት፣ ቆርቆሮው ዝጓል ብሎ መለሰልኝ።

አሁን በፊት ለፊቱ ካሜራ ነው የምቀርጸው። ራሴን እያየሁ። ሦስታችንም መግባታችንን አውቃለሁ።

ይማም ሲያያቸው አይለያቸውም። ሐሰንና ሑሴን አንድ ፊት ናቸው። እናቴ በተወለዱ ዕለት ክር አስራላቸዋለች፤ ቀድሞ ለወጣው ለሐሰን በቀኝ እጁ፣ ለሑሴን በግራ እጁ። ክሩ ለሰው ነው። እኔ በሳላቸውም እለያቸዋለሁ።

ጥቅምት 13፣ ከሰዓት

ይማም ደወለ። ቪዲዮው አስደስቶት ነው ብዬ እየሮጥኩ ባነሳ፣ ለካ ሊቆጣኝ ነው። ለምን በግራ እጅሽ ታጎርሻቸዋለሽ አለኝ። በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው፣ ልጆቹ ይህን ይልመዱ ወይ አለ። እኔ? በግራ? ወላሂ በቀኜ ነው አልኩ። ቪዲዮው እጄ ላይ አለ ይለኛል። ዓይንህ አስፋልት ሲያይ ውሎ ደክሞት ነው አልኩት። ተዘጋ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ ራሱ፣ አላወቅኩም።

ጎረቤቴ ዘነቡ ጩኸቴን በአጥር ሰምታ፣ አንቺ ፊልም ሠሪ ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ ትላለች። ነገርኳት። ሳቋ አላቆም አለ። ግራ እጅሽን ቁረጪና ላኪለት አለችኝ።

እኔ ግን ከንክኖኛል። ቪዲዮውን ልየው ብል ስልኩ ግሎ ጠፋ። የቆቦ ሙቀት እንኳን ስልክ ግመልም ያሰለቻል። ሲበራ ደግሞ ሞልቷል አለ። ቦታ ለማስለቀቅ ያንኑ ቪዲዮ ደመሰስኩት። በቃ ክሱም አብሮ ጠፋ።

ጥቅምት 16፣ ከዙሁር በኋላ

ሆስፒታል ነኝ። በረንዳው ላይ። ሑሴን ጭኔ ላይ። ተራችን እስኪደርስ እጽፋለሁ።

ጠዋት ፍትፍት እያጎረስኳቸው እቀርጽ ነበር። ሪሞቷን ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩ። ጨርሼ ላጠፋ ብጫን እምቢ አለች። ገለበጥኳት። ክዳኗ የለም። ውስጧ የነበረችው ባትሪ የለችም። እንደ ሳንቲም ክብ ናት፣ ታብለጨልጫለች። ሰሌኑን አራገፍኩ። ልብሳቸውን። አፋቸውን በጣቴ ዳበስኩ። ሁለቱም ይስቃሉ።

ስልኩ ግን አላቆመም ነበር። ከፍቼ አየሁ። እኔ ዞሬ ውኃ ስቀዳ፣ አንደኛው ለስልኩ ጀርባውን ሰጥቶ ሪሞቷን ይጎረጉራል። ከዚያ ክር ያለበት እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። አንገቱ ሽቅብ ይላል። ዋጠ።

ፊቱ አይታይም። ክሩ ግን ይታያል። የራሴን እጅ ከስክሪኑ አጠገብ ዘርግቼ አስተያየሁ። ግራ ነው። ሑሴን ነው።

ዘነቡ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ባጃጅ አቆመችልኝ። ሐሰንን ተቀብላኝ ቀረች። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። መንታ መሆናቸውን ስነግራት ለማንኛውም ሌላውንም አስመጪውና ሁለቱንም ራጅ እናንሳቸው አለች። ጤነኛውን ልጅ ምን ብዬ ጨረር ውስጥ አስገባለሁ። ክሩን አሳየኋት።

"እናት ልጇን አትስትም፣ ዶክተር" አልኳት።

አሁን ተጠራን።

ምንም የለም! ንጹሕ ነው አሉኝ። ሆዱም ጉሮሮውም። አልሐምዱሊላህ። ዶክተሯ ግን ፊቷ አልተፈታም። ባትሪዋ ካልተገኘች ሌላውን ዛሬውኑ አምጪው አለች። እሺ አልኩ፣ በአንድ ጆሮዬ። ወድቃ ነው የሚሆነው። መንገድ ላይ ሙዝ ገዛሁ። ለባጃጅ ነጂው ሁሉ ሰጠሁት።

ያው ቀን፣ መግሪብ ሲቃረብ

ሐሰን ሙዙን አልቀበል አለ። ሙዝ የሚተው ልጅ አልነበረም።

ባትሪዋ የት እንደተፈናጠረች ላገኝ ብዬ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ከፈትኩ። እኔ አለሁ። እየሳቅኩ አጎርሳለሁ። በግራ እጄ።

አቆምኩት። ዕድሜዬን በግራ አጉርሼ አላውቅም። የዛሬውን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ፤ የቀኝ አመልካች ጣቴን ትናንት ቢላ ቆርጦኝ በጨርቅ ታስሯል፣ ሳጎርስ ትጠዘጥዘኝ ነበር። እጄን አየሁ። ጨርቁ ቀኜ ላይ ነው። ስክሪኑን አየሁ። ጨርቁ ግራዬ ላይ ነው። በሩም ተዛውሯል።

ይማም አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም። ይህ ስልክ እንደ መስታወት ነው የሚቀርጸው። ቀኙን ግራ ያደርጋል።

ያ አላህ። ክሩ።

ሐሰን ነው።

ጥቅምት 17፣ ጠዋት

ትናንት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አንድ እግሬ የእኔ ጫማ፣ አንዱ የዘነቡ። ዶክተሯ እኔንም ልጁንም አይታ በሩን ከፈተች።

ራጁ ላይ አለች። ከጎድኑ በታች፣ ክብ፣ ነጭ። እንደ ሙሉ ጨረቃ። ልጄ ውስጥ።

ጉሮሮውን አልፋ ጨጓራው ገብታለች አለችኝ። መተንፈስ ስጀምር ጨመረች፣

"ጉሮሮው ላይ ተሰክታ ውላ ቢሆን ኖሮ፣ እናቴ፣ አሁን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።"

እኔ ሙዝ ሳድል ማለት ነው። ጤነኛውን ታቅፌ ስስቅ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲበላ፣ እንዲጠጣ፣ በተጸዳዳ ቁጥር ባትሪዋን እንድፈልግ ነገረችኝ። ቢያስታውከው፣ ሆዱን ቢያመው፣ ሰገራው ጥቁር ቢሆን ሰዓት ሳልቆጥር እንድመጣ። ያለዚያ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ራጅ። ካልተንቀሳቀሰች ወልድያ፤ በአፉ ቱቦ አስገብተው ያወጧታል።

ለይማም ደወልኩ። ሳልደብቅ ነገርኩት፣ የግራ እጁንም ነገር። ሞተሩ ሲጠፋ ሰማሁ። ዳር ይዞ ቆመ። አብሽሪ ፋጤ፣ አብሽሪ አለኝ። ድምፁ ግን እሱ ራሱ አብሽር የሚለው ሰው የሚፈልግ ነበር።

ጥቅምት 19

የለም። ዛሬም የለም። በእንጨት፣ በውኃ፣ በብርሃን እፈልጋለሁ። ዘነቡ አፍንጫዋን ይዛ፣ ፊልሙን ተውሽና ማዕድን ቆፋሪ ሆንሽ አለች። ሳቅኩ። ከዚያ እዚያው ፖፖው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። አቀፈችኝ። እሷ ለማርያም ተሳለች፣ እኔ ዱዓዬን አደረግኩ፤ የማንን እንደሚሰማ እሱ ይወቅ።

ሐሰን ይጫወታል። እሱ ሲጫወት ነው የምፈራው። ሆዱ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። የሚሰማ ነገር እንዳለ ሁሉ። ሑሴን መጥቶ እሱም ጆሮውን ይለጥፋል። ይህን ብቀርጸው፣ አልኩ፣ ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ። ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። መቆሚያውን አጣጥፌ ከአልጋ ሥር ጣልኩት።

ጥቅምት 20፣ አሱር

ሁለተኛው ራጅ። እዚያው ናት። ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ነገ በጠዋት ወልድያ። ተወስኗል። ዶክተሯ ወረቀቱን ጻፈችልኝ፣ ስልክም ደወለችላቸው። ይማም ሌሊቱን ነድቶ እዚያ ይጠብቀናል። ሐሰን ላይ ቱቦ ሲያስገቡ ማን ይይዘዋል? እኔ እይዘዋለሁ። አልወጣም። ውጪ ቢሉኝም አልወጣም።

ጥቅምት 21፣ ፀሐይ ስትወጣ

ሻንጣው በር ላይ። ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፣ ዘነቡ እንዲጠብቁን ልትነግራቸው ሄዳለች። ምንም አያብሉት ስላሉ ሐሰን በባዶ ሆዱ ነው፣ ተቆጥቶኛል። ከመንገድ በፊት ብዬ ፖፖው ላይ አስቀመጥኩት። ሑሴን ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ ያየዋል፣ እንደ ሐኪም። ሐሰን ያምጣል። ፊቱ ቀላ። ቡጢውን ጨብጧል፣ ክር ያለበትን፣ ቀኙን፣ አዎ ቀኙን፣ ሦስቴ አየሁት። ዛሬ እነሱን በዓይኔ ብቻ ነው የማያቸው

ቋ አለ። ፕላስቲኩ ቋ አለ። ሑሴን ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ እያየ ያጨበጭባል ደብተሬ ቆይ ቆይ እጁን ሊያስገባ ነ