አጭሩ ለረጅሙ

አስመራ በአብዮታዊው ጦር ውስጥ ላለህ ልጄ ለፈንታው ይድረስ። የላሊበላ አምላክ ከክፉ ይጋርድህ። እኔ አባትህ እንደ ወይራ ጠንክሬ አለሁ። የምናገረውን የምትጽፈው ልጅህ ትርንጎ ናት።

ዘንድሮ ከጥምቀት ወዲህ ጉም አልለቀቀንም። ትርንጎ «ፀሐይ ነው» ትላለች፤ ልጅ ምን ታውቃለች! በዚሁ ሰበብ የአሸተን ማርያም አበምኔት ለፋሲካ ያዘዙኝ የወይራ መስቀል ሳይጀመር ከረመ።

የትርንጎ መምህርት ልጆቹን የማሽላ አገዳ እያስቆረጠች «ወርቃማ ውድር» የሚሉትን ታስተምራለች። አገዳው ለሁለት ሲቆረጥ፣ አጭሩ ለረጅሙ የሆነውን ያህል ረጅሙም ለሙሉው አገዳ እንዲሆን ነው። እኔ የመስቀሉን ራስና እግር የምከፍለው በዚሁ ነውና አስጠራችኝ። «ይህንንማ ያለ ቁጥር አውቀዋለሁ» ብዬ ቆረጥኩ። ትርንጎ በክር ለካችና «አባባ፣ ረጅሙ ሁለት ጣት በዝቷል» አለችኝ፣ በሰው ፊት! ልጆቹ ሳቁ። አገዳው ጠማማ ነበር።

በማግስቱ ወይራውን ሰጠኋት። በክሯ እየለካች በቢላ ጫር ጫር አደረገችበት፤ እኔም ጭረቱን በአውራ ጣቴ እየዳበስኩ ቀረጽኩ። አበምኔቱ አገላብጠው አዩትና «ዘውገ፣ እጅህ እንደ ድሮው ነው» አሉኝ።

«ምን ሊሆን ኖሯል?» አልኳቸው። ሁለት ጨምረው አዘዙኝ። ያን ቀን እህል ጣፈጠኝ።

እንግዲህ ለእኔ ብለህ ፈቃድ አትለምን። ከሰጡህ ግን፣ ስትመጣ ከደጅ ጀምረህ ድምፅህን አሰማ፤ ውሻው አዲስ ነው።

ማርያም በሰላም ታገናኘን። አባትህ ዘውገ ነኝ፤ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።