ሳይሰጥ የተፈረመበት ሥልጠና

ሰኞ

ሞተ። ሌላ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ዛሬ እኛ ጤና ጣቢያ ሳይተነፍስ የተወለደው የመሠረት ልጅ፣ ወንድ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። የመጀመሪያዋ ነው።

እኔ ክትባት ክፍል ነበርኩ። ከማዋለጃ ክፍሉ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። አዋላጇ ሳሮን "ሲስተር ጽጌ!" ብላ ስትጮህ የምከትበውን ሕፃን ለእናቱ መልሼ ሮጥኩ። ስደርስ አየር የሚሰጥበትን አምቡ ባግ ትጨምቃለች፣ ትጨምቃለች፣ የልጁ ደረት ግን አይነሳም። አንገቱ ታጥፏል። ጭንብሉ በአገጩ በኩል ክፍት ነው፣ አየሩ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ተቀበልኳት። አንገቱን አቃናሁ፣ ጭንብሉን ገጠምኩ፣ ደረቱ ተነሳ። ግን ረፍዶ ነበር፣ ልቡ አልተመለሰም።

ሳሮን ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። ጓንቷን ሳታወልቅ ጥግ ይዛ ቆማ ቀረች።

አባትየው አያት ሰፈር ከሚሠራበት ሕንፃ፣ ሲሚንቶ ጫማው ላይ እንዳለ መጣ። ማንንም አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ለማንም አልተናገርኩትም። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከአራት ወር በፊት ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን ሠለጠንኩ። አልተነፍስ ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ፣ በአሻንጉሊት ላይ እስኪታክተን ሠራን። አሠልጣኙ "ያለቻችሁ አንድ ደቂቃ ናት" እያለ ያጣድፈን ነበር። ምሳው ጥሩ ነበር። የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ስመለስ ለባልደረቦቼ እንዳሳይ አንድ አሻንጉሊት ሰጡኝ።

አላሳየሁም።

ያን ሰሞን ወላዱ በዛ። ከዚያ ተራ ደረሰሽ ተብዬ ወደ ክትባት ተዛወርኩ። እኛ ዘንድ ሰው በሠለጠነበት ክፍል አይቀመጥም፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ኃላፊያችን ባልደረቦቼን ስለማሠልጠኔ ሪፖርት ሲጠይቀኝ የሠልጣኞች ስም ዝርዝር አዘጋጅቼ በምሳ ሰዓት አዞርኩ። "ፈርሙልኝ፣ በኋላ አሳያችኋለሁ።" ፈረሙ። ስንቱን ሥልጠና እንዲሁ ፈርመናል! ሳሮን ብቻ "መቼ ነው የሚያሳዩን፣ ሲስተር?" አለችኝ። "አይዞሽ፣ አሻንጉሊቷ የትም አትሄድብሽም" አልኳትና ተሳሳቅን።

አሻንጉሊቷ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከነላስቲኳ አለች።

ረቡዕ

መሠረት መጣች። ጡቷ ሞልቶ ጠጥሯል፣ ትኩሳትም ይዟታል። ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተደርድረዋል፣ በእነሱ መሃል አልፋ ነው የገባችው። ቀዝቃዛ ጨርቅ ሳደርግላት ውጭ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ወተቷ በራሱ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው። ሁለታችንም አየነው።

"ሲስተርዬ፣ እኔ በደንብ ሳልገፋ ቀርቼ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም የኔ እናት፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"

ያጠፋው ማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ

ስለ ልጁ ሞት ስብሰባ ተጠራን። ኃላፊያችን ያን ያስፈረምኩበትን ወረቀት አወጣ።

"ሳሮን ሠልጥናለች፣ ፊርማዋ ይኸው። እንግዲህ ይሄ ቸልተኝነት ነው።"

ሳሮን ፊርማዋን አየች፣ እኔን አየች፣ አቀረቀረች። አላጋለጠችኝም። ያቺ ልጅ የሙያ ፈቃዷን ልትቀማ ነው።

ያሰብኩትን ልጻፍ፣ ያሳፍራል፦ የአሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎቴን። ልጆቼን። ዝም ብል ማን ያውቃል የሚለውን። እነዚህን ሁሉ አሰብኩ፣ ከዚያ ነው የተናገርኩት።

"ሥልጠናው አልተሰጠም። እኔ ነኝ በባዶ ያስፈረምኳቸው።"

"ሲስተር፣ የሚናገሩትን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ።"

በጽሑፍ ያቅርቡ ተባልኩ፣ እዚያው ጻፍኩ። ለመሠረት እውነቱ ይነገራት ብዬ ጠየቅኩ። "እሱን እናያለን" አሉኝ። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቤቷ ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ።

ስንወጣ ሳሮን ሳታየኝ አለፈች።

ዓርብ

ውሳኔው ገና ነው። ልታገድም እችላለሁ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አሻንጉሊቷን ከላስቲኳ አወጣሁና ማዋለጃ ክፍል ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋት። አንድ በአንድ መጡ። ለሁሉም ማሳየት ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አራት ወር ሙሉ ጊዜ አጣሁ ስል የነበረው ለዚህ ነው።

ሳሮን መጨረሻ ላይ ገባች። ሰላም አላለችኝም። ባጉን አንስታ ጨመቀች፣ የአሻንጉሊቷ ደረት አልተነሳም።

"አንገቷን ቀና አድርጊ፣ ብዙ አይደለም። ጭንብሉን አገጯ ላይ አስቀድሚና አሁን ግጠሚው።"

ጨመቀች። የአሻንጉሊቷ ደረት ተነሳ፣ ወረደ፣ ደግሞ ተነሳ። በቃሽ አልኳት፣ እሷ ግን መጨመቋን አላቆመችም። እንባዋ እጇ ላይ ይወርዳል።

"ይሄ ብቻ ነበር እንዴ፣ ሲስተር?"

"አዎ" አልኳት። "ይሄ ብቻ ነበር።"