ብረቱን ሳላይ የመሰከርኩበት ጠመንጃ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የደብዳቤ ወጉ ጤና መጠየቅ ነው፤ እኔ ግን አንቺን እንዴት ነሽ የምልበት ምን ፊት አለኝ? ከመሞትሽ በፊት ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትነግሪኝ ነው የሄድሽው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ፍየልሽ ሁለት ወለደች። የወናፉ ቆዳ ተቀዶ ቀይሬዋለሁ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ ግድግዳ ባቡሩ ባለፈ ጊዜ ሁሉ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ በከሰል የጻፍሽልኝም እየረገፈ ከላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተዋል። የቄስ ልጅ ብረት ቀጥቃጭ አግብታ ፊደል ታስቆጥረዋለች ብሎ የአዳማ ሰው ስንት ሳቀብን! ይኸው ያን ፊደል ምን ላይ እንዳዋልኩት እዪው።

ስለ ወንድምሽ ስለ ወርቁ ልጽፍልሽ ነው የተነሣሁት። ወርቁ አልገደለም። ይኸው፣ አልኩት።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ራሴን ሳልደግፍ አንድ ጊዜ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ያ የጨው ነጋዴ በሶደሬ መንገድ ተገድሎ ሲገኝ አጠገቡ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ወድቆ ነበር፤ ገዳዩ ጥይት ነክሶበት ጥሎት ሸሽቷል። ጭቃ ሹሙ አገሩን ሁሉ ዋርካው ሥር ለአውጫጭኝ ሰበሰበ። ገዳዩ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ታዘዘ። ሁለት ቀን በዚያ ፀሐይ ተቀመጥን። ላሟ ሳትታለብ፣ እርሻው ዳዋ እየበላው የተቀመጠ ሰው በሦስተኛው ቀን እውነት አይፈልግም፤ ስም ነው የሚፈልገው።

በሦስተኛው ቀን ጠመንጃ የሚያውቅ ይጠራ ተባለና እኔን ጠሩኝ። ድግስ ሲኖር ምግቤን በቅጠል አድርገው ደጅ የሚሰጡኝ፣ ቡዳ ነው ብለው ልጆቻቸውን ከዓይኔ የሚሸሽጉ ሰዎች በርጩማ አምጥተው ከሽማግሎቹ ጎን አስቀመጡኝ። የሺዬ፣ ደስ አለኝ። ሰው ተገድሎ እኔ ደስ አለኝ።

ጠመንጃውን ገለበጥኩት። ሰደፉ ላይ በአምስት ምስማር የተመታ የመዳብ ቁራጭ አየሁ። የእጄ ሥራ ነው፤ ለወርቁ የተሰነጠቀ ሰደፉን የጠገንኩበት። የወርቁ ነው አልኩ። ከዘመዶችሽ ሁሉ በሠርጋችን የተገኘው፣ ከገበታችን የቆረሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ስሙን ስጠራ ግን ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ወርቁ ተነሥቶ ያለውን ታስታውሻለሽ። መዳቡ ሲተኩስ ጉንጩን እየቧጨረው ተቸግሮ እንጨቱን እንዳወለቀው፣ በምትኩ የወይራ ሰደፍ እንዳስጠረበ፣ አሮጌውን እንጨት ጣቢያው ገበያ ላይ ለማያውቀው መንገደኛ እንደሰጠ ተናገረ። ጠመንጃዬ አቦምሳ ወዳጄ ዘንድ ነው፣ ልካችሁ አስመጡት ብሎ ለመነ። አዋሽ ሞልቶ ስለነበር የሚሄድ አልተገኘም። ሰደፉን መለወጡን ከዚያ በፊት ያልነገረኝ ቅር እንዳይለኝ ብሎ ነው፤ ዛሬ ይገባኛል። ያን ቀን ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥራዬን አውልቆ መጣሉ፣ ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማውራቱ። ሰዉም ሳቀ።

አንቺ ውኃ ይዘሽልኝ መጥተሽ በጆሮዬ፣ "እንጨቱን ብቻ አይተህ አትማል፤ ብረቱንም እየው" አልሽኝ። ከማን ተማርሽው? ከእኔው። ውጅግራ ከፈረንጅ አገር ሲወጣ አንዱ ቁጥር በብረቱም በእንጨቱም ላይ ይመታል፤ ቁጥራቸው ከተለያየ አብረው የመጡ አይደሉም። ባቡር ጣቢያው ስሠራ የፈረንጅ ቁጥር ተምሬ፣ ትልቅ ሊቅ የሆንኩ መስሎኝ፣ ለአንቺ ስፎክርብሽ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ያን ቀን ግን የገዛ እጄን ሥራ አላውቅም ወይ ብዬ አባረርኩሽ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ማልኩ።

ወርቁን አስረው በባቡር ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ የመሰቀሉም ወሬ በባቡር መጣ። ከዚያ ወዲያ አላናገርሽኝም። ወባው ሲጥልሽ እንኳ ውኃ ከእጄ አልተቀበልሽም። መሬት ላይ ሳስቀምጠው ነበር የምታነሺው። እንዲያ የሚያደርጉኝ ሌሎች ነበሩ እንጂ አንቺ አልነበርሽም።

ባለፈው ሐሙስ ኦቦ ጀማል የሚባል ሰው ከአቦምሳ መጣ። ያ የወርቁ ወዳጅ ነው። ለአደን የተዋሰውን ጠመንጃ፣ እግሩ ተሰብሮ ሁለት ክረምት ከቤት ሳይወጣ ቆይቶ፣ ሊመልስ መምጣቱ ነው። የወርቁ ቤት ተዘግቷል፣ የት ሄዶ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጠመንጃውን ተቀበልኩት። ሰደፉ ወይራ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ከእኔ ጥገና ይበልጣል።

የብረቱን ቁጥር በከሰል መዳፌ ላይ ጻፍኩና ጭቃ ሹሙ ቤት ሄድኩ። ያ ነጋዴው የተገደለበት ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አስወርጄ የሰደፉን አቧራ በምራቄ ጠረግሁት። በእንጨቱ ላይ ያለው ቁጥር መዳፌ ላይ የጻፍኩት ነው። የብረቱ ግን ሌላ ነው። ከወርቁ ጠመንጃ እንጨቱ ብቻ ነበር የተገኘው፣ ልክ እሱ እንዳለው። ይህን ለማየት ያን ቀን ውኃሽን ጠጥቼ እስክጨርስ ያለው ጊዜ ይበቃኝ ነበር።

ጭቃ ሹሙ ሲገባው፣ "ሙት አይነሣም፤ ነገር አትቀስቅስ" አለኝና በርጩማ አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም።

ትናንት የወርቁን ጠመንጃ ይዤ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። ካገባሁሽ ጀምሮ ደጃፏን አልረገጥኩም ነበር፤ ትናንትም አልገባሁም። ደጅ ቆሜ የቁጥሩን ነገር ነገርኳት። ቁጥሩ የቱ ጋ ነው አለችኝ፤ አሳየኋት። በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ፣ "ያን ቀን ውኃ ባመጣችልህ ጊዜ ልጄ ይህን ነግራህ ነበር?" አለችኝ።

አልነገረችኝም ብል ማን ያውቃል? አንቺ የለሽም፤ ወርቁም የለም። የሺዬ፣ ነግራኝ ነበር አልኳት።

ጠመንጃውን ልሰጣት እጄን ስዘረጋ አልተቀበለችኝም። መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ አነሣችው።

እሑድ ዋርካው ሥር ቆሜ ለአገሩ ሁሉ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋሁት እኔ ነኝ፤ እኔም አልረሳም። ከግድግዳው የረገፈውን ፊደልሽን ዛሬ መልሼ በከሰል ጻፍኩት። ከሥሩም ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩ፣ የእንጨቱንና የብረቱን። ባቡሩ ሲያራግፋቸው እንደገና እጽፋቸዋለሁ።

ባልሽ