ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛሬም ከምሳ በኋላ ዘነበ። የእንጅባራ ዝናብ የክፍላችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው የእኔ ድምፅ የፊት ዴስክ ላይ እንኳ አይደርስም። እስካሁን እንዲህ ሲሆን እንግሊዝኛውን አቁሜ "ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጡ" እል ነበር። ሰለቸኝ። ትናንት ስልኬ ላይ ያለውን ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን፣ "ለአራተኛ ክፍል፣ ድምፅ የማያስፈልገው ሌሰን ፕላን አውጣልኝ" አልኩት። አወጣልኝ፤ እኔ ዓረፍተ ነገሩን እጽፋለሁ፣ ልጆቹ አንብበው በእጃቸው እየሠሩ ያሳያሉ።

ርዕሰ መምህሩ በበር ብቅ ሲሉ ክፍል ሙሉ ልጅ ያለ ውኃ ፊቱን ይታጠባል። ጠጋ ብለው ጆሮዬ ላይ ጮኹ፦

"መምህር፣ ይኼ እንግሊዝኛ ነው ወይስ ስፖርት?"

"እንግሊዝኛ ነው፣ ጋሼ።"

አላመኑኝም። ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

ጥግ የምትቀመጠው ይታይሽ ግን ከንፈሯም ይንቀሳቀስ ነበር። እቤቷ የሚነገረው አዊኛ ነው። መስከረም ላይ ስታነብ ልጆቹ ስለሳቁባት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ማንም አይሰማኝም ብላ መሰለኝ።

ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ የእሷ ድምፅ ብቻውን ቀረ፦ "አይ አም ዋሺንግ ማይ ፌስ።"

ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ማንም አልሳቀም። ርዕሰ መምህሩም ቀስ ብለው ወጡ።

ኤአይ ለነገ ያወጣልኝ የንባብ ፕላን "እያንዳንዱ ተማሪ ተራ በተራ ተነሥቶ ጮክ ብሎ ያንብብ" ይላል። አሁን ወጥቼ ሰማዩን አየሁት። አንድም ደመና የለበትም፤ ነገ የይታይሽን ድምፅ የሚሸፍንላት ዝናብ ላይኖር ነው።