ያሲን ተፍኪ ሄዷል

ሰኞ

ያሲን፣ ዛሬ ፖሊስ መጥቶ ስለ አንተ ጠየቀ። ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። አዲሱ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ከሐረር ተዛውሮ የመጣው በቅርቡ ስለሆነ ሰበታን ገና አያውቃትም። የውጭ አገር ሰዎች የት የት እንደሚኖሩ ቤት ለቤት እያጣራ ነው። አባባ የመናዊ ስለሆነ እኛም የመናዊ ተብለን ነው የተመዘገብነው፤ እኔ በአባባ ደብተር ላይ ነኝ፣ አንተ የራስህ የመኖሪያ ፈቃድ ደብተር አለህ።

«ያሲን ሳልህ የታለ?» አለ።

አባባ ቀና ሳይል «ተፍኪ ሄዷል፤ ጤፍ ሊገዛ» አለ።

ስኳሩን አፈሰስኩት። በሐምሌ ዝናብ የቀበርንህ እኛ ነን። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የተቀበለህ ራሱ አባባ ነው።

«ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር! ሳያስታውቅ?»

የውጭ አገር ሰው ከተመዘገበበት ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ ከተቀመጠ ለፖሊስ መናገር አለበት። ይህን ለአባባ የምታስታውሰው አንተ ነበርክ። ሃምሳ አለቃው ጻፈ። አባባ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ማለቱን አልተወም፤ «አንቺ፣ ሻይ ጠጪ» አለው። ሰውየው አልሳቀም።

ማክሰኞ

ከዓለም ገና የሚመላለሰው ተሾመ ክፍል ውስጥ «ወንድምህ ሸፈተ አሉ» አለኝ።

«ሞቷል» አልኩት።

«ታዲያ ፖሊስ ምን ያደርግለታል? ሙት ይታሰራል እንዴ?» ልጆቹ ሳቁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሃምሳ አለቃው ሱቃችን ውስጥ ነበር። ተፍኪ አስጠይቋል። እዚያ አንድ ሰው በቅሎ የሚነዳ ዐረብ ወጣት አይቻለሁ ብሏል።

አባባን አየሁት። ፊቱ በራ።

«በቅሎዋ ምን ዓይነት ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ያሲን፣ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ባለ ወፍጮው ኦቦ ገመዳ መጡ። ጀናዛህን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

«ሳልህ፣ ልጁን በዚህ ትከሻዬ ነው የወሰድኩት። ደብተሩን መልስና ሞቷል በል። ሰውየው ሳይደርስበት ቅደመው።»

«አንቺ ምን አገባሽ!»

«እኔስ አንቺ መባሉን ለምጄዋለሁ» አሉ፤ «መንግሥት ግን አይለምድልህም።»

አባባ ቀበቶውን ዳሰሰ። ከዚያ «ደብተሩን ከሰጠሁ ምን ይቀረኛል?» አለ። ከቀበቶው ሥር ነው የሚይዛት፤ ሲተኛም አያወጣትም። ፎቶግራፍህ ያለው እሷ ላይ ብቻ ነው።

ኦቦ ገመዳ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ»፣ እግዜር ያበርታህ፣ አሉኝ። በለቅሶው ጊዜም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ሐሙስ

መጥሪያ መጣ። አባባ ቅዳሜ አንተን ይዞ እንዲቀርብ። ካላቀረበህ የሸሸ የውጭ አገር ሰው ደብቋል ተብሎ ፈቃዱ ይሰረዛል። ከአገር ያስወጡናል ማለት ነው።

የሚያስፈሩኝ፦ ባቡሩ። ጅቡቲ። አደን፤ አባባ ስለ አደን የሚያወራው ሙቀቱን ብቻ ነው። ዐረብኛዬ፤ ከሰላምታ አያልፍም። አንተ ብቻህን እዚህ መቅረትህ።

ዛሬ አባባ ለበቅሎዋ ብሎ አንድ ጆንያ ገብስ ገዛ። በቅሎ የለንም።

ዓርብ

ከትምህርት ቤት ቀርቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ለአባባ አልነገርኩትም። ሃምሳ አለቃው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጧል።

«ወንድሜ አድራሻ ለውጧል» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ብዕሩን አነሳ። «ወዴት?»

«ከመስጊዱ ኋላ፣ ወንዙን ሳይሻገሩ፣ ከትልቁ ግራር ሥር።» እዚህ ማን የቤት ቁጥር አለው?

«የማን ቤት ነው?»

 አለቀስኩ። ብዕሩን አስቀመጠ።

አብሮኝ መጣ። መቃብርህ አጠገብ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «ያሲን ማለት ይሄ ነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። አዎ አልኩት። ቀለለኝ። በቃ አለቀ ብዬ ነበር።

ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም አለና «እንግዲህ አባትህ ለመንግሥት ዋሽቷል» አለ። «የምወስነው እኔ አይደለሁም። አዲስ አበባ ይወስናሉ።»

ቅዳሜ

አባባን ከጅማ በመጣው አውቶቡስ አዲስ አበባ ወሰዱት። «የያሲንን ደብተር አምጣ» ሲሉት ቀበቶውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከቀበቶው ያወጣኋት እኔ ነኝ። ፎቶግራፉን ብቻ ተውልኝ ብዬ ሃምሳ አለቃውን ለመንኩት። «ማኅተም አርፎበታል» አለ።

አባባ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዞሮ «ያሲን ሲመጣ በቅሎዋን አብሏት» አለኝ።

ሰኞ ይመለሳል ይላሉ ኦቦ ገመዳ። ሃምሳ አለቃው እንደዚያ አላለም።

እሑድ

ብቻዬን ነቃሁ። የሱቁን መወርወሪያ አነሳሁ። ደጁን ጠረግኩ። ሚዛኑን ወለወልኩ። የገብሱን ጆንያ ወደ ጓሮ ልወስድ ብድግ አደረግኩትና መልሼ በቦታው አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ የመጣችው የጎረቤት ልጅ ናት፣ ጨው ፈልጋ።

«ጋሽ ሳልህ የሉም?» አለችኝ።

ኦቦ ገመዳ ከወፍጮ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ተፍኪ ሄዷል» አልኳት፣ ጨውዋንም መዘንኩላት።